አሮጌው ሴኮ፣ የተቀባው ሴኮ እና ፎርጅዱ "ሮሌክስ"

ነርስ ነኝ። የልብ ምት የምቆጥረው በእጅ ሰዓት ነው። ሞኒተር ያለበት ክፍል ብሠራም ጣቴን በሽተኛው አንጓ ላይ አሳርፌ ሰከንድ ቆጣሪዋን ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ሠላሳ ሰከንድ እቆጥርና በሁለት አባዛለሁ። ምቱ ከተዛባብኝ ሙሉውን ደቂቃ እቆጥራለሁ። የእጅ ሰዓት ፍቅሬ የጀመረው ከዚህ ነው። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ አንድ የእጅ ሰዓቶች አሉ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሦስቱ ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ሳምንት አስሬ ሠርቼበታለሁ፤ ማታ ማታ ከስልኬ ሰዓት ጋር እያስተያየሁ ልዩነቱን በደብተር ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያው የአባዬ ሴኮ 5 ነው። ማሽኑ 7009 የሚባለው ነው። አባዬ መምህር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ዓይኑ ሲደክም "ቀኑን ካላየሁበት ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ እሰሪው" ብሎ ሰጠኝ። አክስቴ ናት ከጅዳ በሰው የላከችለት። ለዚህ ነው ዕለቱ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የሚነበበው፤ ለዐረብ አገር ገበያ የተሠራ ነው። መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ጀርባውን ማየት ነው። በዚያ ዘመን የሴኮ መለያ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። ከጥር እስከ መስከረም ያሉት የፈረንጅ ወሮች ከ1 እስከ 9 በቁጥር ይጻፋሉ፤ የቀሩት ሦስቱ በፊደል። የአባዬ 2 ብሎ ይጀምርና የኖቬምበር ፊደል ይከተላል። አክስቴ የላከችበት ዓመት ስለሚታወቅ 1982 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ የተሠራ መሆኑን ደረስኩበት። እኔ ሳልወለድ ማለት ነው።

5 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ አልተለጠፈም። ሴኮ ይህን ዓይነት ሰዓት በ1963 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ አምስት ነገር ቃል ገብቶ ነበር፦ በራሱ የሚሞላ፣ ዕለትና ቀን በአንድ መስኮት የሚያሳይ፣ ውሃ የሚቋቋም፣ መሙያው 4 ቁጥር ጋ ገባ ብሎ የተቀመጠ፣ አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው አራተኛውን ነው። ለእኔ ሥራ ግን ትልቁ እሱ ነው። መሙያው 3 ቁጥር ጋ ሲሆን፣ ደረት ስጫን እጄ ወደ ኋላ በታጠፈ ቁጥር አይበሉባዬን ይወጋኛል። የሴኮው አንድም ቀን ወግቶኝ አያውቅም።

አባዬ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በሀበሻ አቆጣጠር ነበር። እኔም እንደሱ ነው የማደርገው። ይህን ማንም አይጽፈውምና ትንሽ ላብራራ። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። በፈረንጅ ይህ እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ግን 12 ንጋት ነው፣ አለዚያም ማታ። አባዬ ንጋቱን መርጧል። ፊቱን ታጥቦ ሲጨርስ ቀኑ ተቀይሮ ይጠብቀው ነበር። ዕለቱ ግን ይዘገያል፤ ዲስኩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ትምህርት ቤት ሲደርስ ሰኞና ማክሰኞ በአንዲት መስኮት ግማሽ ግማሽ ሆነው ይታዩ ነበር።

ሌላው ጉዳይ 31 ነው። የቀኑ ዲስክ እስከ 31 ይቆጥራል። የእኛ ወር 30 ነው። ፈረንጅ በዓመት አምስት ጊዜ ቀኑን በእጁ ያስተካክላል፤ 31 የማይሞሉት ወሮች አምስት ስለሆኑ። እኛ አሥራ ሦስት ጊዜ እናስተካክላለን። አሥራ ሦስተኛው ከጳጉሜን ወደ መስከረም 1 ሲሻገር ነው፤ ከሃያ በላይ ቁጥር መግፋት ይጠይቃል። ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይሆንም። ከሌሊቱ 9 እስከ ረፋዱ 4 ባለው ጊዜ ጥርሶቹ ቀን ለመቀየር ተያይዘው ስለሚሆኑ ያኔ መሙያውን መጠምዘዝ ጥርስ ይሰብራል። አባዬ ወር በገባ ቁጥር ረፍት እስኪደወል ጠብቆ፣ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣ 31ን ያልፋት ነበር።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። ሞዴሉ 2497 ነው። የ28፣ የ30ና የ31 ቀን ወሮችን ለይቶ፣ የሠግር ዓመትን ሳይቀር ቆጥሮ ቀኑን ራሱ የሚቀይር ድንቅ ማሽን ነው። ጳጉሜን ግን እሱም አያውቃትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የአባዬን ሴኮ እወደዋለሁ።

ሁለተኛው የተቀባው ሴኮ 5 ነው። ከአንድ ኦንላይን ሻጭ "የ1970ዎቹ፣ ኦሪጅናል፣ ያልተነካ" ተብሎ በ5,500 ብር ገዛሁት። ፊቱ ብርቱካናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። ፎቶው ላይ ያምራል። ደርሶኝ ሳየውም ደስ አለኝ። ያደረግኩት ስሕተት ወዲያው ከአባዬ ሰዓት ጎን አለማስቀመጤ ነው። ማታ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ በማጉያ መነጽር ስመለከት ልቤ ወረደ። የአባዬ ሰዓት ላይ "ሴኮ" የሚለው ጽሑፍ ለየብቻው ተቆርጦ የተተከለ ብረት ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ጥላ ይጥላል። የዚህኛው የታተመ ቀለም ነው፤ የፊደሎቹ ጫፍ እንደፈሰሰ ቀለም ወፍሯል። የደቂቃ መስመሮቹ 7 ቁጥር አካባቢ ከቁጥሩ ጋር አይገጥሙም። በኦሪጅናሉ ፊት ግርጌ፣ ከ6 ቁጥር በታች፣ በዓይን የማትታይ ደቃቅ የኮድ ጽሑፍ አለች፤ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ጀርባው ላይ ካለው የማሽን ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለባቸው። የዚህኛው ግርጌ ባዶ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ሰብሳቢዎች "የሙምባይ ስፔሻል" ይሉታል። ሕንድ ውስጥ አሮጌ ሴኮዎች ተፈትተው፣ ፊታቸው እንደገና ተቀብቶ፣ ተገጣጥመው ይሸጣሉ። ስለ ዕቃው ክፉ ልናገር አልፈልግም። አሮጌ ሰዓት ከመጣል ይህ ይሻላል። የተከፋሁት "ያልተነካ" ተብሎ በመሸጡ ነው። የተቀባ ነው ብሎ ቢነግረኝ 2,000 ብር ሰጥቼ ደስ ብሎኝ እወስደው ነበር። ለሻጩ ስጽፍለት "ይሠራ የለ እንዴ!" አለኝ። ከዚያ በኋላ አልመለሰልኝም።

ሦስተኛውን ወንድሜ ከዱባይ አመጣልኝ። ሮሌክስ ሰብማሪነር ይላል፤ የውሃ ጠላቂዎች ሰዓት ነው። ፎርጅድ መሆኑን ወንድሜም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማንም አላታለለንም። ስጦታ ስለሆነ እወደዋለሁ። ግን ግምገማ ነውና የታየኝን ልናገር። ትክክለኛው ሰብማሪነር ዙሪያው ያለው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው። ምክንያት አለው፤ ጠላቂ ውሃ ውስጥ ቀለበቱ ቢገጨው የቀረው ጊዜ ያነሰ ይመስለዋል እንጂ የበዛ አይመስለውም፤ ቶሎ ይወጣል፣ ሕይወቱ ይተርፋል። የእኔው ቀለበት ወደ ሁለቱም ይዞራል፣ ደግሞ ይወላገዳል። ቀን የምታጎላው ትንሿ መስታወት በትክክለኛው ላይ ሁለት ተኩል ጊዜ ታጎላለች፤ የዚህኛው ላይ ቁጥሩ እንዳለ ነው። የትክክለኛው ጀርባ ድፍን ብረት ነው። የእኔ ጀርባው መስታወት ሆኖ ማሽኑን ያሳያል። ለመለየት ይህ ብቻ ይበቃል።

እነዚህ መልክ ናቸው። ሥራ ላይ የገጠመኝ ይብሳል። 300 ሜትር ይላል። ሁለተኛው ቀን እጄን ስታጠብ ውስጡ ጉም ያዘ። (አሁን ሁሉንም አውልቄ ኪሴ ከትቼ ነው የምታጠበው፤ ለንጽሕናውም እንዲያ ነው የሚሻለው።) በሳምንቱ ማሰሪያው ሥር ያለው ቅብ ለቀቀና ቆዳዬ ላይ አረንጓዴ መስመር ወጣ። ሰዓቱ አንድ ቀን አንድ ደቂቃ ይቀድማል፣ በማግስቱ ሌሊት ይቆማል። ሁልጊዜ በአንድ ልክ ቢቀድም ኖሮ ይስተካከል ነበር። ይህ ግን ልክ የለውም።

ሦስቱንም ይዤ ሰዓት ሠሪዬ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ፒያሳ የሠሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ መገናኛ አካባቢ መጡ፤ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። ከሁሉ በፊት የአባዬን ከፈቱ። "ነይ፣ እይ ልጄ" አሉኝና መነጽራቸውን ሰጡኝ። እንደ ግማሽ ጨረቃ ያለው ክብደት ሥር ሁለት ጥፍር ያላት ቀጭን ብረት አለች። ማጂክ ሊቨር ትባላለች፤ ሴኮ በ1959 እ.ኤ.አ. ነው የፈጠራት። ጋሼ በወረንጦ ክብደቱን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ገፉት፤ አንዷ ጥፍር የጥርሱን ጎማ ሳበች። ወደ ግራ መለሱት፤ ሌላዋ ጥፍር ገፋች። ጎማው በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የዞረው። እጄ ወዲያ ቢወዛወዝ ወዲህ ሰዓቱ ይሞላል ማለት ነው። ለአርባ ዓመት አባዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፈ ቁጥር ይህች ብረት ስትስብና ስትገፋ ኖራለች። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

የተቀባውን ሲከፍቱት ማሽኑ የሴኮ ነው፤ ግን ክብደቱ የሌላ ሞዴል ነው፣ ሁለት ብሎን የለም፣ ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቋል። "ከሦስት ሰዓት የተሰበሰበ ነው፤ ግን ይድናል" አሉ። ፎርጅዱን ከፍተው አዩና መልሰው ዘጉት። "ይህን ብፈታው የሚሰበረውን ከየት አመጣለሁ?" አሉኝ። ልዩነቱ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የ7009 ዕቃ ዛሬም ከሌላ የሞተ ሴኮ ተፈትቶ ይገኛል። የፎርጅዱ ወንድም የለውም።

ለሁለቱ ሴኮዎች እጥበትና ዘይት 3,600 ብር ከፈልኩ፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከዚያ በኋላ የአባዬ በቀን አሥራ ስምንት ሰከንድ ይቀድማል፤ የተቀባው ሃምሳ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ለምት ቆጠራ ሁለቱም ይበቃሉ። ሰከንድ ቆጣሪዋ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ስለምትረግጥ የምትፈስ ነው የምትመስለው፤ ዓይን አይደክምም። የ7009 ጉድለትም አለ፤ ልደብቀው አልችልም። መሙያውን ጠምዝዞ መሙላት አይቻልም፤ ሁለት ቀን ካልታሰረ ይቆማል፣ መነቅነቅ ነው። መሙያው ሲሳብም ሰከንድ ቆጣሪዋ አትቆምም፤ ከሬዲዮ ጋር በሰከንድ ልግጠም የሚል ሰው ይቸገራል። ይህ የሚያስጨንቀው 4R36 የሚባለው ማሽን ያለበትን አዲሱን ሴኮ 5 ይግዛ፤ በእጅም ይሞላል፣ ሰከንዱም ይቆማል።

አሮጌውን የምትፈልጉ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባው ይከፈትልኝ በሉ። ሻጩ እንቢ ካለ ተዉት። የጭረት ብዛት አያስፈራችሁ፤ የሚያስፈራው የአርባ ዓመት ሰዓት ላይ ትናንት የተቀባ የሚመስል ፊት ነው። ከከፈላችሁት ዋጋ በላይ ለእጥበት ሁለት ሺህ ብር ያህል አስቡ። ፎርጅድ ለመግዛት የያዛችሁት ብር ካለ ደግሞ ያንኑ ጨምራችሁ ያረጀ ሴኮ ፈልጉበት።

የተቀባውን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፤ የተቀባ መሆኑን ነግሬያት። ብርቱካናማውን ወዳዋለች። የወንድሜ ስጦታ መሳቢያ ውስጥ ነው። የአባዬ እጄ ላይ ነው።

ትናንት ወር ገባ። ተረኛ ነበርኩ። 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ መሙያውን ሳብ አድርጌ 31ን ሳልፍ ስልኬ ጠራ። አባዬ ነው።

"አለፍሻት?" አለኝ።