ፋይዳ ማሳተም በጅማ፦ ካርዱ ያምራል፣ ፋይሉስ?

በዩኒቨርሲቲው ዋና በር አካባቢም ሆነ ፈረንጅ አራዳ የፋይዳ መታወቂያ የሚያትሙ ሱቆችን ስንመዝን የኅትመቱ ጥራት ብዙም አላስከፋንም። ፒቪሲ (የፕላስቲክ) ካርዱ የኤቲኤም ካርድ ልክ ነው፤ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር። ችግር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ኪውአር ኮዱ ላይ ነው። ሠራተኛው ዋናውን ፋይል ትቶ ከስክሪን ሾት ቆርጦ ካስገባው ጥቁርና ነጩ ይደበዝዝና ባንክ ቤት አልነበብ ይላል። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው በስልክ ስካን አድርጉት።

የሚያሳስበን ለኅትመት የምንሰጠው የመታወቂያው ፋይል ነው። ብዙ ቦታ ደንበኛው በቴሌግራም ይልካል፤ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ደግሞ ዳውንሎድ የተደረገውን ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ያስቀምጣል። የእናንተን ፋይል ለመፈለግ ፎልደሩ ሲከፈት የማታውቁት ሰው ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ዕድሜ ልክ የማይቀየረው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር በተርታ ይታያል። ነገ ደግሞ የእናንተን ሌላው ሰው ያየዋል። ቻቱን ማጥፋት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የወረደው ቅጂ እዚያው ነው። ዲሊት ቢባል ሪሳይክል ቢን ይገባል። ቢያንስ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭኖ፣ ከዚያም ቻቱ ከሁለቱም ወገን መጥፋት አለበት።

ዲፕ ፍሪዝ (ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ወደ ነበረበት የሚመልስ ሶፍትዌር) የጫኑ ሱቆች "ማታ ሲዘጋ ሁሉም ይጠፋል" ይላሉ። እውነት የሚሆነው ፋይሉ ፍሪዝ በተደረገው ድራይቭ ላይ ሲቀመጥ ነው። ዳውንሎዱ ወደ ዲ ድራይቭ ከተዞረና ያ ድራይቭ ፍሪዝ ካልተደረገ ሪስታርት ምንም አያጠፋም። ይህን ባለሱቆቹ ዛሬውኑ ቢያዩት ደስ ይለናል።

"እኛ ትንሽ ሱቅ ነን፣ ሕጉ ባንክና ቴሌን ነው የሚመለከተው" የሚለውን አንቀበልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ የሚደረገውን ቢተው እንኳ ንግድን አይተውም። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ዓላማው ሲያልቅም እንዳይቀመጥ ያዝዛል። ካርዱ ታትሞ ከተሰጠ ዓላማው አለቀ፤ "ሲጠፋባችሁ ደግመን እናትምላችኋለን" ብሎ ማስቀረት፣ በቅንነት ቢሆንም፣ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይሆንም። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅስ? መረጃ ሲያፈተልክ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ምን ፋይል እንደነበረው የማያውቅ ሱቅ ምን ብሎ ያሳውቃል?

ከሁሉ የከፋው በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ "ጮክ ብለህ ንገረኝ" የሚባልበት ቦታ ነው። በዚያ ኮድ ነው መታወቂያው የሚወርደው። ኪቦርዱን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ጻፉት፤ እምቢ ከተባላችሁ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ያትማል።

የወደድነው አሠራር ይህ ነው፦ ስክሪኑ ወደ ደንበኛው ዞሯል፤ ስልኩ በኬብል ይሰካና ፋይሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ሳይገባ ከስልኩ ላይ ተከፍቶ ይታተማል፤ ኬብሉ ይነቀላል። ፋይሉ ካልተከፈተና መውረዱ ግድ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው እያየ ይጠፋል። ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት "ስትጨርስ ፋይሉን እያየሁ ታጠፋልኛለህ?" ብላችሁ ጠይቁ።