በሦስት ርካሽ ኤልኢዲ ዋጋ አንድ ደህና፦ የአምፖል ንጽጽር

«የቱን አምፖል ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከወዳጆቼ ደጋግሞ ስለሚመጣልኝ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ለማስፈር ወስኛለሁ። ጥያቄውን አክብጄ የማየው፣ በቤት ውስጥ የሚባክነውን ኃይልና ከእሱ ጋር የሚመጣውን የካርበን ልቀት ለመቀነስ ከአምፖል የቀለለ መጀመሪያ ስለማላውቅ ነው። ከዚህም በላይ፣ እኔ ራሴ በዋጋው ርካሽነት ተስቤ ስድስት ኤልኢዲ አምፖሎች ያሉበት እሽግ ገዝቼ፣ አራቱ አምስት ወር ሳይሞላቸው ተቃጥለውብኛል።

የድሮው ባለ ክር አምፖል ለንጽጽርም አይበቃም። 60 ዋት እየወሰደ 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ብርሃን ይሰጣል፤ የተቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት ወደ 110 ኪሎዋት ሰዓት ያስቆጥራል፤ ያንኑ ያህል ብርሃን የሚሰጥ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 16 ገደማ ብቻ። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ አንድ አምፖል በመቀየር ብቻ በዓመት 90 ኪሎ ገደማ ልቀት ማስቀረት ይቻላል። ከውሃ ወይም ከነፋስ በሚመነጭበት ቦታ የልቀቱ ቅናሽ እጅግ ያነሰ ቢሆንም የቆጣሪው ቅናሽ አይለወጥም። ስለዚህ ባለ ክሩ አምፖል ገና እየሠራም ቢሆን ዛሬውኑ ቢወርድ ያዋጣል።

ጠምዛዛው ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 14 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ከኤልኢዲ ጋር ያለው ልዩነት በዓመት 9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ እየሠራ ያለውን እስኪቃጠል ተጠቀሙበት፣ አዲስ ግን አትግዙ። በውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ ስላለ፣ ከተሰበረ መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ማናፈስ እንጂ ወዲያው መጥረግ አይገባም።

ትክክለኛው ምርጫ እንግዲህ በርካሹና በደህናው ኤልኢዲ መካከል ነው፤ እኔም ያለማመንታት ከደህናው ጋር ነኝ። በአንዱ ደህና አምፖል ዋጋ ሦስት ርካሾችን መግዛት ይቻላል። ከእኔ ርካሾች የተቃጠሉት አራቱ ቢበዛ 750 ሰዓት ያህል ነው ያበሩት፤ ሦስቱ ቢደመሩ 2,250 ሰዓት ይሆናል። በዚያው ዋጋ የገዛሁት ደህና አምፖል ደግሞ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ማለትም ከ7,000 ሰዓት በላይ አብርቶ፣ አሁንም ይሠራል። ዋጋው በበራበት ሰዓት ሲካፈል ርካሹ ከሦስት እጥፍ በላይ ተወዶ ይገኛል፤ ያለጊዜው የሚጣለው ፕላስቲክና ብረት ያስከተለው ልቀትም አብሮ መታሰብ አለበት።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከተቃጠሉት አንዱን በቢላዋ ከፍቼ ነው። በክብ ሰሌዳው ላይ ከተደረደሩት ብርሃን ሰጪ ቢጫ ነጠብጣቦች በአንዷ መሐል የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ነጠብጣቦቹ በአንድ መስመር ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጨልማሉ። ገዳዩ ሙቀት ነው፤ በደህናው አምፖል ሙቀቱን የሚያስወጣ ወፍራም አሉሚኒየም ሲኖር፣ በዚህኛው ከወረቀት እምብዛም የማይወፍር ቆርቆሮ ነበር። የተቃጠለችውን በብየዳ አገናኝቼ አምፖሉን አስነሳሁት፤ ሆኖም ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሌላዋ ተቃጠለች። ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፤ ሰሌዳው በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ለሞት የሚያበቃ አደጋ አለው። በእሽጉ ላይ 9 ዋት ተብሎ የተጻፈበትን ሌላውን በመለኪያ ስፈትሸው ደግሞ 5 ዋት ብቻ ይወስድ ነበር። ብርሃኑ የደከመብኝ ለካ በዓይኔ ድክመት አልነበረም።

የታወቀ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ ፎርጅድ አምፖሎችም ስላሉ ስሙን ብቻ አትመኑ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «60» (ከ60 ዋት ባለ ክር አምፖል እኩል ያበራል ለማለት ነው) ትታችሁ ሉመኑን ፈልጉና ለዋቱ አካፍሉት፤ ከ80 በታች ከሆነ ወይም ሉመኑ ጭራሽ ካልተጻፈ ይለፋችሁ። ሻጩ እንዲያበራላችሁ ጠይቃችሁ በስልክ ካሜራ በዝግታ ቀረጻ ተመልከቱት፤ ብርሃኑ በኃይል ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኃይሉን የሚያረጋጋው ካፓሲተር ወይ ተቀንሷል ወይ ደካማ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ለረጅም ሰዓት ንባብ ዓይንን ያደክማል። ዋስትና የሌለውን አትውሰዱ፤ የገዛችሁበትን ቀን በአምፖሉ አንገት ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ዙሪያውን በመስታወት በተዘጋ መብራት ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ግን፣ ለዝግ ቦታ እንደሚሆን ካልተጻፈበት በቀር ደህናው አምፖል እንኳ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ዕድሜው ያጥራል።