በዋልካ ግቢ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ለምታስነጥፉ፦ የካሬ ዋጋው የውሃውን መውጫ አይጨምርም

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ጥቁር ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ ቤት ሠርተው ግቢያቸውን በሰው ሠራሽ ሣር ለማልበስ ላሰቡ ሁሉ ነው። እኔ ባለፈው ግንቦት የገባሁበት ውል በገበያው ውስጥ የተለመደ ዓይነት በመሆኑ፣ ነገ ሌላ ሰው በር ላይም ይዘውት እንደሚመጡ አልጠራጠርም።

ግቢዬ 80 ካሬ ሜትር ነው። የድርጅቱ ሠራተኛ መጥቶ ለካ፣ ናሙናዎችን አሳየኝ፣ ቁመቱ 35 ሚሊሜትር የሆነውን መረጥን፣ ዋጋውም «ከነሥራው» ተብሎ በካሬ ተቆረጠ። አፈሩን በእጁ አልነካም፤ ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድም አልጠየቀኝም። ስለ ክረምቱ ሳነሳበት ናሙናውን ገልብጦ በጀርባው ያሉትን ቀዳዳዎች አሳየኝና «ይህ ውሃ አይዝም» አለኝ። ስለ ሣሩ የተናገረው እውነት ነበር፤ ስለ ግቢዬ ግን ምንም አልነገረኝም፤ እኔም ልዩነቱን አላስተዋልሁም።

ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ስለሆነ፣ በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ በእኔ ግቢ ላይ 2,400 ሊትር ይወርዳል፤ የጣሪያው ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ውሃ በሣሩ ቀዳዳዎች ካለፈ በኋላ ወዴት ይሂድ? መመለስ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሣሩ ሲረገጥ ውሃ መትፋት ጀመረ፤ መሐሉ አበጠ፤ የመገጣጠሚያው ማጣበቂያ ለቀቀ፤ ከሥሩም የሚከረፋ ሽታ ወጣ። አንዱን ጠርዝ ገልጬ ሳየው ያገኘሁት ከ3 ሳንቲሜትር ያልበለጠ አሸዋ ነው፤ ከአሸዋው በታች፣ አረም እንዳይበቅል ተብሎ የተዘረጋ ላስቲክ ነበር። ውሃ በማያሳልፍ መሬት ላይ ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ አንጥፈውበት ሄደዋል። ለድርጅቱ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «የአፈሩ ጸባይ ነው፤ የእኛ ውል ማንጠፍ ብቻ ነው» የሚል ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው በእርግጥም «ሰው ሠራሽ ሣር ማቅረብና ማንጠፍ» ከሚል መስመር በስተቀር ስለ ሥሩ ሥራ አንዲት ቃል አልተጻፈበትም፤ ከጠቅላላው ክፍያ 80 በመቶውንም አስቀድሜ ከፍዬ ነበር።

ከዚህ ይልቅ አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ግን ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ደጋግሜ ስከራከራቸው በተጨማሪ ክፍያ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር እናስገባልሃለን አሉኝ፤ ልስማማም ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ያስቆመኝ አንድ የማውቀው የግንባታ መሐንዲስ ነው፦ ዋልካን ቆፍሮ ጠጠር መሙላት፣ መውጫ ካልተበጀለት፣ ገበቴ ሠርቶ ድንጋይ እንደ መጨመር ነው አለኝ። ውሃው በጠጠሩ መካከል ይጠራቀማል እንጂ አይወጣም፤ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ከሆነ ደግሞ በመሠረቱ ዙሪያ ያለውን አፈር እያሳበጠ ወለልና ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል። የተበላሸ ሣር ይነሳል፤ የተሰነጠቀ መሠረት ግን የሌላ ደረጃ ወጪ ነው።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ከመውጫው ነው። በግቢው ዝቅተኛ ጠርዝ ቦይ ተቆፍሮ የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ተከቦ ይቀበራል፤ ቱቦውም ከግቢው ውጭ ወዳለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ይወጣል እንጂ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አይቀጠልም። ከዚያ አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ተቆርጦ ይወጣና፣ የተቆረጠው መሬት ራሱ ከቤቱ እየራቀ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ እንዲል ይስተካከላል፤ ላዩን ብቻ አዘንብሎ ሥሩን ጠፍጣፋ መተው አይጠቅምም። በአፈሩ ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ያለ እርሱ ጠጠሩ በክረምት ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። በጨርቁ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የተፈጨ ጠጠር በሁለት ዙር በማሽን እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ ሣሩ የሚያርፍበት ስስ ንጣፍም ዱቄት ያልበዛበት ደቃቅ ጠጠር መሆን አለበት። በርካሽነቱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ገረጋንቲ ለመሙያ ጥሩ ቢሆንም፣ በውስጡ ደቃቅ አፈር ስላለበት ከተጠቀጠቀ በኋላ ውሃ እንደልብ አያሳልፍም። የአሸንዳው ውሃም በራሱ ቱቦ መውጣት አለበት፤ በሣሩ ላይ ፈጽሞ አይለቀቅ።

አፈራችሁን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። እርጥቡን በመዳፋችሁ መካከል ስታሽከረክሩት ሳይቆራረጥ እንደ ቀጭን ገመድ ከተሳበ የሸክላ ባሕርይ አለው። 30 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ማታ ውሃ ሙሉት፤ በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንዳለ ካገኛችሁት፣ በካሬ ብቻ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው አሰናብቱት።

በውሉ ላይ የቁፋሮው ጥልቀት፣ የጠጠሩ ዓይነትና ውፍረት፣ ጨርቁ፣ ተዳፋቱ፣ ቱቦውና የሚወጣበት ቦታ እያንዳንዳቸው ከነዋጋቸው ይጻፉ። ደረሰኝም ጠይቁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ ነገር ግን በቃል የተነገረንን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ ዛሬ እያየሁት ነው። ጠጠሩ ከመሸፈኑ በፊት በቦታው ተገኝታችሁ ውፍረቱን በሜትር ለኩ፣ ፎቶም አንሡ።

ከክፍያው ቢያንስ 30 በመቶውን ያዙ። ሥራው አልቋል ሲሉአችሁ የውሃ ጎማ ከፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ሣሩ ላይ ልቀቁት፤ ውሃው ከቱቦው አፍ ሲወጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ ቀሪውን ገንዘብ አትስጡ።