ልጅ ከየት እንደሚመጣ «በሳቅ እናስረዳለን» ለሚሉ ሻጮች ብር ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን በየወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። «ልጅዎ ከየት ነው የመጣሁት ሲልዎ ላብ ያጠምቅዎታል? እየሳቁ ያስረዱት!» ይላል። ከሥሩ የመጽሐፍ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ያምራል፣ አይካድም። 1,200 ብር ተሰርዞ 650 ተጽፏል። «የቀረን 20 ኮፒ ብቻ» የምትል ቀይ ጽሑፍም አለች። ይቺ 20 ኮፒ ግን አታልቅም። ሰንበት ብላችሁ ብታዩአትም ያው 20 ናት።

እኔ ገዝቼ አንብቤዋለሁ። የምጽፈው የሌላው ሰው ብር እንዳይበላ ነው።

አከፋፈሉን ላስቀድም። ብሩ የሚላከው በቴሌብር ለአንድ ግለሰብ ስልክ ነው። የንግድ ስም የለም፣ ደረሰኝ የለም። ከላካችሁ በኋላ ሽፋኑ ላይ ያያችሁት መጽሐፍ አይመጣም፤ የሚመጣው ፒዲኤፍ ነው። «መጽሐፉስ?» ስትሉ «እኛ የምንሸጠው ሶፍት ኮፒ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ አለ» ትባላላችሁ። የለም። መልሳችሁ ብታዩትም የለም። ጠንከር አድርጋችሁ ከጠየቃችሁ ብሎክ ትደረጋላችሁ።

እሺ፣ ፒዲኤፍም ቢሆን ውስጡ ጥሩ ከሆነ ምን ቸገረኝ። ውስጡ ነው ጉዱ።

አብዛኛው ቀልድ ነው፤ ቀልዱም የኛ አይደለም። ሽመላ ሕፃኑን በመንቁሯ አንጠልጥላ ታመጣለች የሚለው የአውሮፓ ተረት ተደጋግሞ ይመጣል። ጎመን ሥር ተገኘ የሚለውም አለ። እኛ ቤት ልጅ የምትሰጠው ማርያም ናት፤ ከዚያ ካለፈ «ከሆስፒታል ገዝተን አመጣንህ» ነው። (የአውሮፓ ሽመላዎች እኮ ብርዱን ሸሽተው በስምጥ ሸለቆ በኩል ወደኛም ብቅ ይላሉ። አንዷም ልጅ ይዛ ስታርፍ አልታየችም።) ይህን ለልጁ የሚያነብ ወላጅ መጀመሪያ ሽመላ ምን እንደሆነች፣ ቀጥሎ ሕፃን ምን ልታደርግ እንደተሸከመች ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

አንዱን ገጽ ልንገራችሁ። ልጁ «ሕፃኑ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አባትህን ጠይቅ» ነው። ገጹን ስትገልጡ አባትየው «እናትህን ጠይቅ» ይላል። ከሥሩ በሳቅ የሚያነባ ኢሞጂ። አለቀ፣ ወደ ሌላ ርዕስ። እንዴ! ይሄንንማ በነፃ ስንሰማው አይደል ያደግነው?

የባሰው ግን ቁም ነገር ልናገር ያለበት ቦታ ነው። «አባት ለእናት ዘር ይሰጣታል፣ እሷም ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ያድጋል» ይላል። ትልቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። ትንሽ ልጅ ግን ያምናል። የብርቱካን ፍሬ ከዋጥሽ ሆድሽ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል እየተባለች ላደገች ልጅ ደግሞ ነገሩ ይገጥምላታል። የእህቴ ልጅ ይሄ ከተነበበላት በኋላ ብርቱካኗን አፍርጣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳህኑ ዳር ደረደረችው። «አሁንስ ልጅ አይበቅልብኝም አይደል?» አለች። እናቷ ሳቋን ውጣ እንደገና ከመጀመሪያው ማስረዳት ነበረባት።

እውነቱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም እኮ። ሕፃን የሚያድገው ምግብ በሚገባበት ጨጓራ ሳይሆን ማህፀን በሚባል ሌላ ቦታ ነው። ከእናት በጣም ትንሽዬ እንቁላል፣ ከአባት ደግሞ ዘር ይገናኛሉ። ከዚያ ዘጠኝ ወር ያህል ያድጋል። ለትንሽ ልጅ ይሄ ይበቃል። ካልበቃው ራሱ ይጠይቃል።

ደሜን ያፈላው ግን ስለ ወንድና ሴት ልጅ የተጻፈው ነው። ሴት ሴት ብቻ የወለደች እናት መሳቂያ ተደርጋለች፣ «ወንድ ማውጣት ያቃታት» ተብላ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል የሚባልበት ሰፈር ዛሬም አለ። ሴት ወለድሽ ተብላ አራስ ቤት የተኮረፈች እናት ስንቱ ያውቃል? የልጅን ጾታ የሚወስኑት በእንቁላልና በዘር ውስጥ ያሉ ኤክስና ዋይ የሚባሉ ክሮሞዞሞች ናቸው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ነው። ኤክስም ዋይም ሊያመጣ የሚችለው የአባት ዘር ነው፤ ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ። መኮራረፍ ካስፈለገ እንኳ አድራሻው ተሳስቷል።

ስለ ጉርምስና ሲናገር «15 ዓመት ሳይሞላት የወር አበባ አያንሱባት» ይላል። የሴት ልጅ ሰውነት ለውጥ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የወንዱ ከ9 እስከ 14። 15 ዓመት የጠበቀች እናት ነገሩን የምትሰማው ልጇ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ደንግጣ ካለቀሰች በኋላ ነው።

ሌላም አለ። ለብልት የሚሆኑ የቀልድ ስሞች ተደርድረዋል፣ አንዱ ካንዱ የሚያስቅ። ትክክለኛው ስም ግን የትም የለም። «የውስጥ ሱሪ የሚሸፍነውን ቦታ ማንም አይነካሽም፤ ከነካሽ ለኔ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም። ልጅ የደረሰባትን ልትናገር ስትመጣ የምትናገርበት ቃል ያስፈልጋታል። የምታውቀው የቀልዱን ስም ብቻ ከሆነ አስተማሪዋም ሐኪሙም ስቀው ሊያልፏት ይችላሉ። እዚህ ላይ ለሻጩ ምንም ሰበብ አላገኘሁለትም።

ቀልድ አልጠላም። ልጆችም ይወዱታል፣ የወላጅን እፍረትም ያቀልላል። ግን ከሳቁ በኋላ መልስ መምጣት አለበት፤ የምንከፍለው ለሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ልትገዙ ካሰባችሁ ማውጫውን ሳይሆን «ሕፃኑ እንዴት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የተሰጠበትን ገጽ አሳዩኝ በሉ። አንዲት ገጽ ናት፣ ሻጩን አትጎዳውም። ካልላከ ወይ የለውም፣ ወይ ያፍርበታል። የታተመ ነው ወይስ ፒዲኤፍ? ይህንንም በጽሑፍ ይመልስ። ክፍያውም በነጋዴ አካውንትና በደረሰኝ ይሁን።

በነፃ የሚገኝም አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው የሥነ ጾታ ትምህርት መመሪያ ከ5 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 12 እያለ በየዕድሜው ምን እንደሚነገር ይዘረዝራል። ሁሉም ነገሩ ለኛ ቤት ይሆናል አልልም፤ እኔም የዘለልኩት አለ። የእንቁላልና የዘሩ ነገር ግን ለትንንሾቹም ሳይቀር በቀላሉ ተቀምጧል። እሱ ካልተመቻችሁ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። እነሱ ይሄ ጥያቄ አያስደነግጣቸውም።

ብር የላካችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውንና የቴሌብሩን መልእክት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። ሻጩ ብሎክ ካደረጋችሁ በኋላ ቻቱን ሊያጠፋው ስለሚችል አሁኑኑ አድርጉት። አሳሳች ማስታወቂያን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ስክሪንሾቱን ይዛችሁ ክፍለ ከተማችሁ ያለው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ቻናሉ ስሙን እየቀያየረ ነው፣ ሽፋኑ ግን ያው ነው። ትናንት በሌላ ስም አየሁት፤ ዋጋው 800 ገብቷል፣ የቀረው ኮፒም 20 ነው።