ለዓሣ ገንዳ ባለሙያችን ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ሰዎች ጥቆማ

ጣና ዳር እየኖሩ የጨው ውኃ ዓሣ ቤት ውስጥ ማርባት ለብዙ ሰው ቅብጠት ሳይመስል አይቀርም። ቆሮሶና አምባዛ ደጃችን እያለ! ይሁን፤ ልጆቼ ክላውን ፊሽ የተባለውን የባሕር ዓሣ ወደዋል፣ እኔም ወድጃለሁ። ዛሬ ግን በአደባባይ ማመስገን የምፈልገው ገንዳውን ያዘጋጀልንን ወጣት ባለሙያ ነው።

ወንድሜ ለግንባታ ከተራገፈ የወንዝ አሸዋ ላይ ቀንሶ፣ አጥቦና ነፍቶ በገንዳው ወለል ላይ እንዲያነጥፈው አቅርቦለት ነበር። ባለሙያው አልተመናጨቀም። በአንድ ሲኒ የእኛን አሸዋ፣ በሌላው እርሱ ያመጣውን ነጭ አሸዋ አድርጎ አቼቶ ጠብ አደረገባቸው። የእኛው ዝም አለ፤ ነጩ አረፋ ደፈቀ፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነዋ። ቀጥሎ ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ በእኛው አሸዋ ውስጥ ቢያዞረው ጥቁር ጢም አብቅሎ ወጣ። የአካባቢያችን ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ስለሆነ አሸዋውም ብረት አያጣም። ወንድሜም ሳይከራከር አሸዋውን ወደ ግቢው መለሰ።

ነጩ አራጎናይት ይባላል። የመረጠልን ፍሬው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ነው፤ በጣም ከላመ የውኃ ፓምፑ እያነሳ ያደፈርሰዋል፣ ከሻከረ ደግሞ የምግብ ትራፊ በመካከሉ ይወሸቃል። አሸዋ በአፉ ዝቆ በስንጥቡ የሚያጠልለው ጎቢ የተባለ ዓሣም ሻካራውን አይወድም። «አሸዋው ብቻውን ፒኤች (የውኃውን የአሲድነት ልክ) ይጠብቅልኛል ብለህ መለካት እንዳትተው» ያለኝም እርሱ ነው። የሚሸጠውን ዕቃ እንዲህ አሳንሶ የሚናገር ነጋዴ ስንት አለ?

አራት ከረጢት እንዲያመጣ ስጠይቀው ሜትር አውጥቶ ለካ። ወለሉ 100 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ የአሸዋው ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር፤ 12 ሊትር፣ በክብደት ወደ 18 ኪሎ። ባለ 9 ኪሎው ሁለት ከረጢት በቃን። ያለ ዕቅድ ሲወፍር ከሥር አየር ያጥረውና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊያቁር ይችላል አለን። ደረቁን አሸዋ ውኃው ኩልል እስኪል አጥቦ አነጠፈው። እርጥቡና ባክቴሪያ ያለበት ዓይነት ቢሆን ኖሮ አይታጠብም ነበር።

ነቀፌታ ካስፈለገ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል፣ ዋጋውም ርካሽ አይደለም። እኔ ግን ደግሜ እጠራዋለሁ።

ስልኩን ያለ ፈቃዱ እዚህ አላሰፍርም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የገንዳችሁን ርዝመትና ስፋት ለክታችሁ ጠብቁት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።