ከሥራ ለተሰናበተ ሰው የምጠቁማቸው ጠበቃ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ከቆረጥኩ ሰነባበትኩ። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስልካቸውን እልካለሁ።

7 ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ከሠራሁበት የግል ድርጅት «ቆጠራ ላይ ጉድለት ተገኝቶብሻል» ተብዬ ተሰናበትኩ። የመጨረሻ ደመወዜን ልቀበል ስሄድ «ከእንግዲህ ከድርጅቱ የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ሳለ እግዜር ሲያተርፈኝ እህቴ ደወለች። ሳልፈርም ወጣሁ።

ቢሮአቸው ልደታ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አይሠራም። ገና ቁጭ እንዳልኩ ማልቀስ ስጀምር ሶፍት አቀበሉኝና «ልጄ፣ ለቅሶው ይደርሳል፤ ደብዳቤው የደረሰሽ መቼ ነው?» አሉኝ። ለካ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው 3 ወር ብቻ ነው፤ የስንብት ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር። ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል።

ጥብቅና ከመያዛቸው በፊት 11 ዓመት የአሠሪ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ይህን ስሰማ ደንገጥ ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። ያዳነኝ ግን እሱ ነው፤ የስንብት ደብዳቤ ሲያነቡ ራሳቸው የጻፉት ያህል ቀዳዳውን ያውቁታል። ስልኬ ላይ የነበረውን የቆጠራ ሪፖርት ፎቶ አዩና የግድግዳውን ካላንደር አውርደው፣ እሁዱንና በዓሉን በእስክሪብቶ እየሰረዙ መቁጠር ጀመሩ። ከሪፖርቱ እስከ ስንብት ደብዳቤው 47 የሥራ ቀን! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ፣ በዚያ ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቀርበታል። እኔ ጉድለቱ የእኔ እንዳልሆነ በምን ላስረዳ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ፣ እሳቸው በካላንደር ያዙት።

ያልኳቸውን ሁሉ ግን አልተቀበሉም። የ2 ዓመት የትርፍ ሰዓት እንዲጠይቁልኝ ፈልጌ «ከ6 ወር ያለፈው ቀርቷል፤ ዳኛ ፊት ይዤው ብቆም እፍረቱ ለእኔ ነው» አሉ። ቅር ብሎኝ ነበር። ልመለስ ወይስ ካሳ የሚለውንም «ከዚያ አለቃ ጋር አንድ ግቢ ትውያለሽ?» ብለው ለእኔ ተዉልኝ። ካሳውን መረጥኩ።

የሥራ ክርክር ችሎቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ፣ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪው 6 ዓመት በየዓመቱ የ10 ቀን፣ በድምሩ የ90 ቀን ደመወዝ ተፈረደልኝ። የጥብቅናውን ግማሽ መጀመሪያ ከፍዬ ቀሪውን ገንዘቡ እጄ ሲገባ ነው የሰጠሁት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጤናና ዕድሜ ያድልልኝ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ጠዋት ስልክ አያነሱም፣ ችሎት ላይ ናቸው። ከ8 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። ስትሄዱ የቅጥር ውላችሁን፣ ደብዳቤውንና የደመወዝ ወረቀታችሁን ያዙ፤ ምንም ሳትፈርሙ ሂዱ። ደረጃውንም ቀስ ብላችሁ ውጡት።