አይቢኤም ኤምኪው፣ ራቢትኤምኪው ወይስ ካፍካ፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ ማን ምን ያተርፋል?

የሜሴጅ ኪው ሶፍትዌር (ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚሄዱ መልእክቶችን ተቀብሎ በሰልፍ የሚያቆይ) የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። በሰከንድ ስንት መልእክት ያሳልፋል? ለአብዛኞቻችን ግን ሦስቱም ከበቂ በላይ ፈጣን ናቸው። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ» ባለበት ቅጽበት መብራት ድርግም ቢል፣ መልእክቱ የት ነው ያለው? ዲስክ ላይ ወይስ ሜሞሪ ውስጥ?

ሦስቱም ሥራቸውን ሎግ ላይ፣ ማለትም የተደረገውን በተራ በሚመዘግብ ፋይል ላይ፣ ይጽፋሉ፤ ተመልሰው ሲነሱም ከዚያው አንብበው ይቀጥላሉ። የሚለያዩት ሎጉ ዲስክ ላይ መቼ እንደሚያርፍ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና የማን ራስ ምታት እንደሚሆን ነው።

አይቢኤም ኤምኪው በ1993 ኤምኪውሲሪስ ተብሎ የወጣ ነው፤ ባንኮች ዛሬም አይለቁትም። ፐርሲስተንት (ዲስክ ላይ የሚቆይ) የተባለ መልእክት ኮሚት ሲደረግ (ሲጸድቅ)፣ ሎጉ ዲስክ ላይ ሳያርፍ መልስ አይሰጥም። ሰርቨሩ ሲነሳ ኮሚት የሆነውን ይመልሳል፤ ያልሆነውን ሮልባክ ያደርጋል፣ እንዳልተደረገ ይቀለብሰዋል። ሎጉ ሁለት ዓይነት ነው፦ ሰርኩላር እና ሊኒየር። ሰርኩላሩ ያሉትን ፋይሎች እየዞረ በላያቸው ይጽፋል፤ ከመብራት መጥፋት ያድናል። የኪው ፋይሉ ራሱ ከተበላሸ ግን አይመልሰውም። ሊኒየሩ ወደፊት ብቻ ይጽፋል። በየጊዜው የኪውን ምስል ከያዛችሁበት፣ የተበላሸውን ኪው ከሎጉ መልሶ ይሠራል። ዋጋው የዲስክ ቦታ ነው፤ አሮጌ ፋይሎችን የሚያጸዳ ሰው ካልተመደበ ዲስኩ ይሞላል። ከ9.0.2 ወዲህ ራሱ እንዲያጸዳ ማዘዝ ይቻላል።

ችግሩ፣ ምንም ካልመረጣችሁ የሚመጣው ሰርኩላሩ ነው። መጠኑም ትንሽ ነው። አንድ ፕሮግራም ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚቀሩ ሥራዎች) ከፍቶ ኮሚት ሳያደርግ ከተኛ፣ ሎጉ ሞልቶ ኤምኪው ራሱ ሮልባክ ያደርግበታል። ኤረር ሎጉ ውስጥ ኤኤምኪው7469 የሚል መልእክት ካያችሁ ይኸው ነው። የሎጉን መጠን ከመጨመራችሁ በፊት የተኛውን ፕሮግራም ፈልጉ።

ብሩን የሚያስከፍለው ደግሞ ኤክስኤ የሚባለው የጋራ ትራንዛክሽን ነው። ዳታቤዝ ላይ ሒሳብ መቀነስና መልእክቱን ከኪው ማንሳት በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰራሉ፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ራቢትኤምኪውና ካፍካ ይህ የላቸውም። ለላይሰንስ ገንዘብ ከሌላችሁ አክቲቭኤምኪው የሚባለው ሌላ የኪው ሶፍትዌር ኤክስኤ አለው፤ ነጻም ነው። መልእክት የሚያስቀምጥበት የካሃዲቢ ኢንዴክሱ ቢበላሽ እንኳ ከጆርናሉ (ከሎጉ) መልሶ ይገነባዋል። ሰው ያላነሳው አንድ አሮጌ መልእክት ግን ሙሉ የጆርናል ፋይል እንዳይሰረዝ ይይዛልና የሞቱ (ሊደርሱ ያልቻሉ) መልእክቶች የሚከማቹበትን ኪው ቶሎ ቶሎ አጽዱ።

ራቢትኤምኪው ለመጀመር ቀላል ነው፤ የሚሸውደውም ቀላልነቱ ነው። ኪውው ዱረብል (ሰርቨሩ ጠፍቶ ቢነሳም የሚኖር) ነው ማለት መልእክቱ ይተርፋል ማለት አይደለም። መልእክቱም ፐርሲስተንት ተብሎ መላክ አለበት፤ ላኪውም ኮንፈርም (የሰርቨሩን «ተቀብያለሁ») መጠበቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ መልእክት ሊጠፋ ይችላል፤ ማንም አይነግራችሁም። በ2019 ከ3.8 ጋር የመጡት ኮረም ኪውዎች ነገሩን ብዙ አስተካክለዋል። ሦስት ሰርቨር ካላችሁ፣ ሁለቱ ዲስክ ላይ ሳይጽፉ ኮንፈርም አይመጣም። የድሮው ሚረር የተደረገ (ቅጂው ሌሎች ሰርቨሮች ላይ የሚያዝ) ኪው በ4.0 ተወግዷል፤ ዛሬ በእሱ ዲዛይን ሠርቶ የሚያቀርብላችሁን ሰው በትህትና ሸኙት። ትራንዛክሽንም አለው፣ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ዋስትናውም ከአንድ ኪው አያልፍም።

ካፍካ ላይ ሎጉ ራሱ ዕቃው ነው። መልእክት ተነበበ ብሎ አይሰርዝም፤ ካልቀየራችሁት 7 ቀን ያቆየዋል። ፕሮግራማችሁ ማክሰኞ የተሳሳተ ስሌት ቢሠራ፣ ሐሙስ አርማችሁ ከማክሰኞ ጀምሮ እንደገና ማስነበብ ትችላላችሁ። የሌሎቹ የሁለቱ ተራ ኪው ይህን አያደርግላችሁም።

የመብራቱ ጥያቄ ላይ ግን ካፍካ ይለያል። እያንዳንዱን መልእክት ዲስክ ላይ እስኪያርፍ አይጠብቅም፤ የሚተማመነው ሌሎቹ ሰርቨሮች ቅጂ በመያዛቸው ነው። ሦስቱ ሰርቨሮች በተለያየ ቦታ ከሆኑ ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዩፒኤስ ላይ ተደርድረው ነው የሚገኙት። ያ ዩፒኤስ ሲሞት የሦስቱም ሜሞሪ አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከ3.0 ጀምሮ አክስ ኦል (ወደኋላ ያልቀሩት ሰርቨሮች ሁሉ ቅጂ ሳይዙ መልስ አይሰጥም የሚለው) ነባሪ ቢሆንም፣ ሚን ኢንሲንክ ሬፕሊካስ የሚባለው፣ ቢያንስ ስንት ሰርቨር ቅጂ መያዝ እንዳለበት የሚወስነው፣ አሁንም 1 ነው። ቅጂ የሚይዙት ሁለቱ ተከታይ ሰርቨሮች ወደኋላ ቢቀሩ፣ አንዱ ብቻውን «ተቀብያለሁ» ይላል። ወደ 2 ከፍ አድርጉት። የካፍካ ትራንዛክሽን ከ2017 ጀምሮ አለ፤ የሚሠራው ግን ካፍካ ውስጥ ነው፣ ዳታቤዛችሁን አያካትትም። አንባቢውም ሪድ ኮሚትድ (የጸደቀውን ብቻ አንብብ) ካልተባለ ያልጸደቀውንም ያነባል።

ስለዚህ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሥራና የቆየ ዳታቤዝ ካላችሁ ኤምኪው፣ በሊኒየር ሎግ። በአንድ ክፍል ሦስት ሰርቨር፣ በጀትም ጠባብ ከሆነ ራቢት፣ በኮረም ኪው ብቻ። ታሪክ መልሶ ማንበብ የግድ ከሆነና ሰርቨሮቹን መለያየት ከቻላችሁ ካፍካ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ። ቁጥር የተሰጣቸው መልእክቶች እየጎረፉ ሳለ ሶኬቱን ይንቀል። ፕሮግራሙን ኪል ማድረግ አይበቃም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ላይ የያዘውን በኋላ ዲስክ ላይ ያሳርፈዋልና ሁሉም ያልፋሉ። ሲነሳ «ተቀብያለሁ» የተባሉትን ቁጥሮች ከወጡት ጋር አመሳክሩ። ሁለቴ የመጣ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ እሱን ፕሮግራማችሁ መለየት አለበት። የጎደለ ቁጥር ካለ ግን ሻጩ ያስረዳ።